የነፋስ ዕዳ

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስከ ነገ ማታ ድረስ ቀን ተሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ ዕቃው የሌላ ሰው ይሆናል። ዕቃው፣ ውድ አንባቢ፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ ቁራጭ ብረት ነው፤ የብስክሌትን የግራ ፔዳል ከመካከለኛው ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ክንድ። በውስጠኛው ገጹ ላይ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ተለጥፋበታለች። 45 ሺህ ብር የተጠየቅሁት ለብረቱ ሳይሆን ለዚህች ጥቁር ነገር ነው። «ፓወር ሜትር» ይሏታል፤ ብስክሌተኛው በየቅጽበቱ የሚያወጣውን ኃይል በዋት እየለካች በመሪው ላይ ወደተገጠመች ትንሽ መስታወት ትልካለች።

45 ሺህ ብር የሁለት ወር ደመወዜ ነው። መጻሕፍት በሚያሳትም አንድ ድርጅት ውስጥ በአርታኢነት እሠራለሁ፤ የሰው ዐረፍተ ነገር ሳቃና እውላለሁ። ዕድሜዬ 48፣ ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። በብስክሌት ተወዳድሬ አላውቅም፤ ወደፊትም የምወዳደር አይመስለኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጉልበቱን በዋት አስለክቶ ምን ሊያደርግ ነው? ይህን ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቴ ጠይቃኝ ነበር። ያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ ግን እውነት አልነበረም። «ለጤናዬ ነው» አልኳት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጋሼ ነው።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ የሠፈር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ሥራ ላይ አሳልፈው አምና በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተዋል። አብረን ብስክሌት መንዳት ከጀመርን 14 ዓመት ሆነን። ረቡዕ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እንጦጦን እንወጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአያት በኩል አድርገን በለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ እንሄዳለን፤ ሰንዳፋ ላይ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። በእንጦጦ ዳገት ላይ ጎን ለጎን ነን። በሰንዳፋ መንገድ ላይ ግን ጋሼ ፊት፣ እኔ ኋላ ነን። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አንዳንድ ልማድ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ሳይጠየቅም ይኖራል።

ባለፈው ክረምት ጋሼ የሳንባ ምች ታመው ሁለት ወር ያህል ከቤት አልወጡም። በጥቅምት ተመለሱ። ፊታቸው ከስቶ፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ቀድሞው መሰለኝ። በኅዳር አንድ ረቡዕ ግን እንጦጦ ላይ ከጎኔ የሚሰማኝ የካቴና ድምፅ ጠፋ። ዘወር ስል ጋሼ ከመታጠፊያው በታች ቀርተዋል። ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እንዲያውም በረታሁ። ጫፍ ላይ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ብስክሌቴን አስደግፌ ጠበቅኋቸው። ላባቸውን እየጠረጉ ሲደርሱ «አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል» አልኳቸው። አፌ ይህን ሲል ልቤ ግን ደስ ብሎት ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ በለጥኋቸው! ያውም ከሕመም የተነሣን የ61 ዓመት ሰው።

ያ ደስታ አሳፈረኝ፤ ሆኖም አልለቀቀኝም። እውነት ጎብዤ ነው ወይስ እርሳቸው ደክመው? በዚህ ዕድሜዬ ምን ያህል ጉልበት ቀርቶኛል? ብስክሌት የሚነዳ ሰው ምክንያት አያጣም። ሲዘገይ ነፋሱ ነው፣ ጎማው ነው፣ ትናንት ማታ የበላው ነው። ሲፈጥን ግን ምክንያቱ እርሱ ራሱ ነው። እኔ ምክንያት የማይቀበል ዳኛ ፈለግሁ። በክለብ ተሰልፎ የሚወዳደር አንድ የማውቀው ወጣት አዲስ መለኪያ ተልኮለት አሮጌውን ሊሸጥ መሆኑን ስሰማ ሄድኩና ያዝኩት። «ሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ ከወደዱት ይገዙታል» ብሎ በገዛ እጁ ገጠመልኝ። ሁለተኛው ሳምንት የሚያበቃው ነገ ነው።

ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋ ከንግግሯ ይከብዳል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ሠፈር ስለምንኖር ሮቶ ለመግዛት ካሰብን ቆይተናል። «ሮቶውስ?» አለች በመጨረሻ። ዕቃው እዚህ ዋጋ ላይ የደረሰው በእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ አስቀድሞ፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር አልኳት። «ሮቶውም ያኔ ርካሽ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እስቲ ስለ መለኪያው ራሱ ጥቂት ልበል። ዋት ስሙን ያገኘው ከ1736 እስከ 1819 እ.ኤ.አ. ከኖረው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት ነው። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ገዢዎቹ የሚያውቁት ፈረስን ነበርና ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ አስልቶ መንገር ነበረበት። «የፈረስ ጉልበት» የምንለው መስፈርት የመጣው ከዚያ ነው፤ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት በብስክሌት ላይ በሚገጠም መሣሪያ ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪሽ ሾበረር ሲሆን፣ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ክንዱ ዓይን በማያየው መጠን ይታጠፋል። በላዩ የተለጠፈው ስስ ብረት አብሮ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን ይለወጣል። ከዚህ ለውጥ የመግፋቱ ጉልበት ይታወቃል፤ እርሱ ፔዳሉ ከሚሽከረከርበት ፍጥነት ጋር ሲባዛ ኃይል ይሆናል።

ታዲያ ፍጥነትን የሚናገር ርካሽ መሣሪያ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ፍጥነት የአንድ ሰው ሥራ ስላልሆነ ነው። ዳገቱ፣ ነፋሱ፣ የአስፋልቱ ልስላሴ፣ አየሩ ሳይቀር እጃቸው አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ይህ ለሳንባ ክፉ፣ ለፍጥነት ደግ ነው። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ሊሰብር ሲነሣ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው የስስ አየርን ጥቅም ፈልጎ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም 49.431 ኪሎ ሜትር ሄደ። ስለዚህ ፍጥነት መንገዱ የሰጠህን ጭምር ቆጥሮ ይነግርሃል። ዋት ግን አንተ የሰጠኸውን ብቻ ይቆጥራል።

ይህች ልዩነት ናት የማረከችኝ። ያገኘሁትን ሳይሆን የሰጠሁትን የሚለካ ነገር! መልሳ እኔኑ እንደምትከሰኝ ግን አላሰብኩም ነበር።

ጋሼ እንዲህ ያለ መሣሪያ ኖሯቸው አያውቅም። የእርሳቸው መለኪያ በእጃቸው የምትታሰረው አሮጌ ሰዓትና በመንገድ ዳር የተተከሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ነበሩ። ድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ወድቀዋል፤ አንዳንዶቹም መንገዱ ሲሰፋ ተነሥተዋል። እርሳቸው ግን የት የት እንደ ነበሩ አሁንም ያውቋቸዋል። ልጅ ሳሉ ስለ ገረመው ደንቦባ ይነገራቸው እንደ ነበር ደጋግመው አጫውተውኛል። ገረመው አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን በብስክሌት ተወዳድሯል፤ በ1960 እ.ኤ.አ.ም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ወርቅ ባገኘባት ሮም ተሰልፏል። ጸጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደግሞ ጋሼ እንደ ዘመድ ሠርግ ነበር የደሰቱት። «እነዚያ በግምት፣ እነዚህ በቁጥር» ይላሉ፤ «እግሩ ግን ያው እግር ነው።»

የመጀመሪያው ሳምንት የኩራት ሳምንት ነበር። ወጣቱ እንዳዘዘኝ በረቡዕ ብቻዬን ወጥቼ ተፈተንኩ፤ ጋሼ ያን ቀን የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ፈተናው በእንጦጦ ዳገት ላይ ለ20 ደቂቃ ባለህ አቅም ሁሉ መንዳት ነው። ከሚገኘው አማካይ ቁጥር 95 በመቶው ተወስዶ ሰው ለረዥም ሰዓት ሊዘልቅበት የሚችለው ኃይል ይህ ነው ይባላል። አማካዩ 205 ዋት ሆነ፤ ስለዚህ አቅሜ 195 ነው ማለት ነው። ይህ ለክብደቴ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎ ሦስት ዋት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በረዣዥም ዳገቶች ላይ የዓለም ምርጦች ስድስት ገደማ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከምርጦቹ እኩሌታ ነኝ ብዬ በልቤ ተኮፈስኩ። ደግሞም መለኪያው የግራ እግሬን ብቻ ለክቶ ውጤቱን በሁለት ያባዛል። ቀኜ ከግራዬ ቢበረታም ቢደክምም አያየውም። የእውነቱ ግማሽ ግምት መሆኑ ነው። ይህንንም ቢሆን ለራሴ ጥቅም ተረጎምኩት፤ ቀኜ የበለጠ ብርቱ ነው አልኩ።

ከዚያ ቅዳሜ መጣ።

ወሩ ጥር ነበር። በበጋ በዚያ ሜዳ ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ይነሣል፤ ወደ ሰንዳፋ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ለገጣፎን እንዳለፍን ጋሼ እንደ ልማዳቸው ፊት ሆነው፣ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንገታቸውን በመጠኑ ሰበር አድርገው ይነዳሉ። እኔ ከኋላ ጎማቸው አንድ ክንድ ያህል ርቄ እከተላለሁ። ፍጥነታችን በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ነበር። መስታወቷ 124 ትላለች። 124! ከአቅሜ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ነፋስ እየነፈሰ በዚህ ፍጥነት እየሄድኩ ይህን ያህል ከቀለለኝ በእርግጥም ጎብዣለሁ ማለት ነው።

ጋሼ ውኃ ሊጠጡ ወደ ዳር ወጣ ብለው ፔዳል መምታት ተዉ። እኔ ሳላስበው አልፌያቸው ፊት ሆንኩ። ነፋሱ ደረቴን ገፋኝ። ፍጥነቴን 27 ላይ ለማቆየት ጠንከር አልኩና መስታወቷን አየሁ። 172።

መሣሪያው ተበላሸ ብዬ አሰብኩ። ጋሼ ጠጥተው ጨርሰው መልሰው ፊት ሆኑ፤ ወደ ጥላቸው ገባሁ። 125። ምክንያት ፈጥሬ እንደገና ወጣሁ። 170። ተመለስኩ። 124። መንገዱ ያው ነው፤ ነፋሱም፣ ፍጥነቱም ያው ነው። የተለወጠው የእኔ ቦታ ብቻ ነበር።

ብስክሌተኞች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ እኔም በስማ በለው አውቀው ነበር። ከሌላ ሰው ጀርባ የተጠጋ አየሩን ያ ሰው ይከፍትለታልና ይቀለዋል። የዓለም ታላላቅ ውድድሮች በሙሉ የተመሠረቱት በዚህ ሐቅ ላይ ነው። አንድ መሪ እንዲያሸንፍ ስማቸው የማይነሣ ባልደረቦቹ ለሰዓታት ነፋሱን ይቀበሉለታል። ሆኖም ማወቅና በቁጥር ማየት የተለያዩ ናቸው። 172 ሲቀነስ 124 ይሆናል 48። ይህን ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜም አየው ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሒሳብ እሠራ ነበር። 172 ዋት ለእኔ፣ ለ48 ዓመቱ ሰው፣ ከአቅሜ 88 በመቶው ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ብቆይ ሰንዳፋ ስደርስ ንግግር አይወጣኝም። ጋሼ ቁመናቸው ከእኔ ብዙም አይለይም። ይህን ከ47 እስከ 61 ዓመታቸው ድረስ በየቅዳሜው ተሸክመውት ኖሩ። እኔ ደግሞ ሻይ ቤቱ ስንደርስ ወሬ የማበዛ፣ ቀልድ የማወራ እኔ ነበርኩ። እርሳቸው ፀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር። ዝምተኛ ሰው ናቸው ብዬ 14 ዓመት አምኛለሁ። ለካስ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ኖሯል!

ከሁሉም የከፋው አንድ ትዝታ ነው። ጋሼ ከሳንባ ምች ድነው በጥቅምት በተመለሱበት በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊት የነበረው ማን ነው? እርሳቸው። በሁለተኛውስ? እርሳቸው። እኔ ከኋላቸው ሆኜ የሰፋቸው ልብስ በነፋስ ሲርገበገብ አይቼ «ከሱ» ብዬ አዝኜላቸዋለሁ። ያዘንኩላቸው በእርሳቸው ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ በዳገት ፍጥነት ስለሚቀንስ ነፋስ ቁም ነገር አይደለም፤ ሰው ሁሉ የየራሱን ክብደት ይሸከማል። በዚያ ደክመው ሲቀሩ ጣልኳቸውና ደስ አለኝ። እኩያቸው ነኝ ስል የኖርኩት ሰው፣ እኩያ የሆንኩት እርሳቸው ሩቡን ሸክሜን ይዘውልኝ ነው።

በማግስቱ እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ተቀመጥኩና እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ።

«ይሄን ለማወቅ ነው 45 ሺህ ብር?» አሉ።

«አልገዛሁትም ገና፣ ጋሼ።»

«እኔ ብትጠይቀኝ በነፃ እነግርህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ መች ጠየቅኸኝ?» ብለው ሳቁ። «ደግሞ ላንተ ብዬ መሰለህ እንዴ? ፊት ስሆን መንገዱን አያለሁ። ኋላ ብሆን የማየው ያንተን ጀርባ ነው።»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ረዘመ። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አይተው ተመለሱ። ሳሉ ካለፈ በኋላ ጋሼ ሲኒያቸውን አንሥተው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሁን ግን ደክሞኛል» አሉ። «ሰንዳፋን ልተወው እያሰብኩ ነበር።»

በ14 ዓመት ውስጥ ስለ ራሳቸው ድካም ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ፊት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ፊት ሆንኩ። ዕዳዬን የምከፍልበት ቀን ስለ ነበር በሙሉ ልቤ ገባሁበት። ለገጣፎን አልፈን ሜዳው ሲከፈት አጎነበስኩና መታሁ። በጣም ጥሩ እየሄድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ዝግ ያልኩ፣ የተረጋጋሁ፣ ለኋለኛው ያሰብኩ። ዘወር ስል ጋሼ 20 ሜትር ወደ ኋላ ቀርተው በሁለት እጃቸው መሪውን ጨብጠው እየታገሉ ነው። ደንግጬ መስታወቷን ማየት ጀመርኩ። 160፣ 210፣ 190፣ 140፣ 225። ለእኔ አንድ ወጥ የመሰለኝ አነዳድ እንደ ፍየል ዝላይ ነበር። ትንሽ ጉብታ ሲገጥመኝ እንዳልዘገይ እበረታለሁ፤ ነፋሱ ሲመታኝ እልህ ይይዘኛል፤ ከዚያ ደክሞኝ እለቃለሁ። ከኋላ ያለ ሰው ደግሞ ፊተኛው በድንገት ሲበረታ ከጥላው ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ለመመለስ ከፊተኛው የበለጠ ጉልበት ማውጣት አለበት። ከሕመም የተነሣን ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ሸክማቸውን አቀልላለሁ ብዬ በላያቸው ሌላ ሸክም እጭንባቸው ነበር።

ፊት መሆን ከባድ እንደ ሆነ ባለፈው ቅዳሜ አውቄአለሁ። ሙያ መሆኑን ያወቅሁት ግን ዛሬ ነው። ጋሼ 14 ዓመት ሲመሩኝ አንድም ጊዜ ከጥላቸው ወጥቼ አላውቅም። ጉብታ ሲመጣ ያለ መስታወት፣ ያለ ቁጥር፣ በጆሮአቸው የካቴናዬን ድምፅ እያዳመጡ ዝግ ይሉልኝ ኖሯል። እኔ ይህ ጆሮ የለኝም።

ሥነ ጽሑፍ የምትወዱ ይህችን ምሳሌ ትረዱልኛላችሁ። የግጥም ረቂቅ ይዘው የሚመጡ ጀማሪዎች አሉ፤ የወል ቤት ጽፈናል ይላሉ። ሳነበው አንዱ ስንኝ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። «ለጆሮዬ ልክ ነው» ይሉኛል። እኔም በጣታችሁ ቁጠሩት እላቸዋለሁ፦ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ቁጥሩ ገጣሚ እንደማያደርጋቸው አውቃለሁ። ጆሮአቸው እስኪበስል ድረስ ግን ከገዛ ራሳቸው ሽንገላ ይጠብቃቸዋል። የበሰለው ገጣሚ አይቆጥርም፤ አይስትምም። ጋሼ በሰንዳፋ መንገድ ላይ የበሰሉ ናቸው። እኔ በ48 ዓመቴ በጣቴ መቁጠር ያለብኝ ጀማሪ ነኝ።

ስለዚህ ቆምኩና ጠበቅኋቸው። ከዚያ ፍጥነቱን ረስቼ 150 ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ጉብታ ሲመጣ ማርሽ ቀይሬ 150፤ ነፋስ ሲበረታ እልሄን ውጬ 150። ፍጥነታችን አንዳንዴ ወደ 20 ዝቅ ይላል፤ አንድ ጭድ የጫነ ጋሪም ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን አጅቦን ነበር። ቀስ በቀስ ከኋላዬ የካቴና ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ቅርብ፣ አንድ ወጥ፣ የማይቋረጥ። ሰንዳፋ እስክንደርስ ከጆሮዬ አልራቀም። ሻይ ቤቱ ስንቀመጥ እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጋሼ አወሩ። ስለ ድሮ የስልክ እንጨቶች፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው ከተማውን ቁልቁል ያዩበት ስለ ነበረው ዘመን፣ ሰምቼው የማላውቀውን ብዙ ነገር አወሩ። ወሬኛ ሰው ኖረዋል።

እንግዲህ ወደ ውሳኔዬ ልመለስ። መለኪያውን ለምን እንደ ፈለግሁት አሁን ግልጽ ሆኖልኛል፤ ከጋሼ መብለጤን እንዲመሰክርልኝ ነበር። ለዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገ ጠዋት ፈትቼ ለወጣቱ እመልሰው ነበር። አሁን ግን ሌላ ሥራ አግኝቼለታለሁ። ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆንኩ እንዲነግረኝ ሳይሆን፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ሊከተለኝ ከሚችለው በላይ በወጣሁ ቁጥር እንዲገሥጸኝ እፈልገዋለሁ። ጋሼ «ሰንዳፋን ልተወው» ያሉት ነገር ለአንድ ዓመት፣ ቢቻል ለሁለትና ለሦስት፣ ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። ጆሮዬ ሲበስል ደግሞ እኔም እሸጠዋለሁ።

ማታ ለወጣቱ ስልክ ደወልኩ። እኩሌታውን አሁን፣ እኩሌታውን በሚያዝያ ልከፍለው ጠየቅሁት፤ ትንሽ አንገራግሮ ተስማማ። ከዚያ የከበደኝን አደረግሁ፤ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እንጦጦ ላይ የተሰማኝን ደስታ፣ 124ቱንና 172ቱን፣ የጋሼን ሳል፣ የዛሬውን የፍየል ዝላይ ሳይቀር ነገርኳት። የወሩ መጨረሻ ላይ ሮቶው እንደሚቀድም፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ለልጁ እንደሚከፈል ተስማማን። አዳምጣ ስትጨርስ የሁለት ሳምንቷን ጥያቄ ደገመችልኝ።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ልታደርግበት ነው?»

በዚህኛው ጊዜ እውነቱን መለስኩላት።

«ቀስ ልልበት።»